«ኬሞ አያስፈልጋትም» የተባለልኝ ሰሞን

ይህን የምጽፈው ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ አንዲት ትንሽ ጠጣር ነገር ዳብሳ፣ «ምንም አይደለም» ብላ መልሳ ለለበሰች ሴት ነው። ዘመዶቿም ቢያነቡት አልጠላም። እኔን እንደሆነ ከበሽታው እኩል ያስጨነቁኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው።

የሺ እባላለሁ። ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው በአስጎብኚነት የምሠራ ሴት ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። ትዳር አንዴ ሞክሬ በቃኝ ብያለሁ፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እንግዳ አስከትዬ በጨለማው መተላለፊያ ሾልኬ፣ ድንገት ብርሃን ላይ ሳወጣቸውና ቤተ ክርስቲያኑ ፊታቸው ሲቆም አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ይህን ማየት የእንጀራዬ ነገር ነው። ሰው ማስገረም ሥራዬ ሆኖ ስለኖረ፣ እኔ ራሴ መገረም ካቆምኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ግን አተር ስለሚያህል ነገር ነው፤ ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ይልቅ እሱ አስገርሞኛል።

ነገሩ የተጀመረው ከገና በኋላ ነው። በገና ሰሞን እኛ ከተማ ሰውነት የሚባል ነገር ትዝ አይልም፤ እግር ያብጣል፣ ድምፅ ይዘጋል፣ ምሳ ይረሳል። እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ውኃ አሙቄ ገላዬን ስታጠብ፣ በግራ ጡቴ ጎን እጄ አንድ ነገር ላይ ቆመ። አተር ታክላለች። ብጫናት አታምም። ካላመመችኝ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ተውኳት። እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ያታለለኝ አለማመሟ ነው። እኛ ዘንድ በሽታ ማለት የሚያስጮህ ነገር ነው፤ ዝም ያለውን በሽታ ብለን አንጠራውም።

ሁዳዴ ሲገባ በዚያው ጡት ሌላ ጥግ ላይ ምስር የምታህል ሌላ አገኘሁ። ያን ጊዜ ደነገጥኩና አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረኝ ልጅ ትሑት ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዳበስ አደረገኝና «የወተት ዕጢ ነው እትዬ፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ነው» ብሎ ለቁስል የሚሆን ክኒን ጻፈልኝ። ክኒኑን ጨረስኩ፤ አተሯም ምስሯም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ተመልሼ ስሄድ «ብርድ ነው» ተባልኩ። ላስታ ውስጥ ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም።

ጸበልም ገባሁ። ይህን ስጽፍ የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን እኔን ወደ ሐኪም የገፉኝ ያጠመቁኝ አባት ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ጸበሉ የትም አይሄድብሽም። ሐኪምም የእግዜር ነው። አሁኑኑ አዲሳባ ሂጅ» አሉኝ። እኔም የምፈራውን ነገር ሰው እስኪያዘኝ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ከዚያው ወደ ወንድሜ ሄድኩ።

ወንድሜ ታደለ ታናሼ ነው፤ ቄስ ነው። ሰው ፊት «መምሬ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ስናደድበት ግን ወደ «አንተ» እመለሳለሁ። ጠበል ጸዲቅ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ነገሩን ስነግረው ጽዋውን አስቀምጦ ተነሣ። ቤት፣ ሚስት፣ ቅዳሴ ሳይል አስታማሚዬ ሆኖ አብሮኝ ተጓዘ። ወጪውን አልዘረዝርም፤ የታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ የገባንበት ሆስፒታል የካንሰር ክፍሉ ኮሪደር ረዥም ነው፤ በሁለት ጎኑ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው ካርዱን ደረቱ ላይ ይዞ ይቀመጣል፤ ስም ሲጠራ ሁሉም ቀና ይላል፣ አንዱ ይነሣል፣ ሌላው መልሶ ያቀረቅራል። እንግዳ ተሰልፎ ሲጠብቀኝ ነው የኖርኩት፤ መጠበቅ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። ወደ ቤት ስደውል እናቴ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ዛሬስ ወረፋው እንዴት ነበር?» ብለው ነው። አዲስ አበባን አይተው አያውቁም፤ ሆስፒታል ማለት ለእሳቸው ወረፋ ሆኖ ቀረ። እናቴ ከመነኮሱ ወዲህ እኛ ልጆቻቸውም እማሆይ ነው የምንላቸው።

በዚያ ወንበር ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠችው ዘሃራ ትባላለች። ከወልድያ ወዲያ መንገድ ዳር ካለች ከተማ የመጣች ነጋዴ ናት፤ የእሷም በሽታ የጡት ነው፣ ግን ብብቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ኬሞቴራፒ ጀምራለች፤ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ኃይለኛ የካንሰር መድኃኒት ነው፣ እዚያ ሁሉም ኬሞ ይለዋል። ካርዴን ስገላብጥ አየችና «አብሽሪ እህቴ» ብላ ከቦርሳዋ ቴምር አወጣችልኝ።

«ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

«ቴምር እኮ የጾም ነው።»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«እንግዲያው ያዥው፤ ሲደርስ ትበይዋለሽ» ብላ መዳፌ ውስጥ አስጨበጠችኝ። ያን ቴምር ከጡቴ በመርፌ የተወሰደውን የናሙና ውጤት ከሰማሁ በኋላ ነው የበላሁት። ያን ዕለት አፌ ውስጥ የገባ ሌላ ነገር የለም።

ውጤቱን የነገረችኝ ዶክተር ጎልማሳ ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ታደለ ቀድሟት ተነሥቶ «ወደ ውጭ ወጣ ብለን ብንነጋገር» አላት። እኛ ዘንድ ለበሽተኛ አይነገርም፤ ለወንድም ወይ ለባል ተነግሮ፣ እሱ ደግሞ ለበሽተኛዋ «ደህና ነሽ» ይላታል። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ የሺ፣ ለማን ልንገር?» አለችኝ። «ጡቱ የእኔ ነው፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳት። ካንሰር ነው አለችኝ። ሁለት ፍሬዎች ናቸው፣ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ ተቀራርበው ሳይሆን ተራርቀው ስለተቀመጡ ጡቱ በሙሉ ቢወጣ ይሻላል አለችኝ።

ወጣ። ስነቃ ደረቴ በአንድ ጎኑ ሜዳ ሆኗል። አለቀስኩ፤ ታደለም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። የጎደለኝን አሁንም ልብስ ስቀይር አየዋለሁ፤ ለመድኩት እንጂ አልረሳሁትም።

ከሰውነቴ የወጣው ሁሉ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ከብብቴ የወሰዷቸው ንፍፊቶች፣ ማለት በሽታው ሲዛመት መጀመሪያ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ዕጢዎች፣ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። የቀረው የአተሯንና የምስሯን ጠባይ የሚናገረው ምርመራ ነበር፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል ተባለ። «ኬሞ ይሰጥዎት አይሰጥዎት የምንወስነው በሱ ነው፤ ቤት ሆናችሁ ጠብቁ፣ እንደውላለን» አሉን። የእኔ ስልክ ላሊበላ ሲገባ ኔትወርክ እንደ ጸሎት ተለምኖ ነው የሚመጣለት፤ ስለዚህ የታደለን ቁጥር ሰጠሁና ተመለስን።

ከተመለስን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤታችን ጠባዩን ቀየረ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት እማሆይ መቆጣት መተዋቸውን ነው። እማሆይ ሳይቆጡኝ ውለው አያውቁም፤ ምላሴን፣ ሱሪ መልበሴን፣ ከፈረንጅ ጋር መሳቄን ሲቆጡ ነው ያረጁት። አሁን ግን የተናገርኩትን ሁሉ «ይሁን የኔ ልጅ» ይላሉ። በአጥር ነገር ተኳርፈን የከረምን ጎረቤቴ እንቁላል በሰፌድ ይዛ መጣች፤ ጉልበቴን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ነበርኩ አጥሩን የገፋሁባት! አክስቴ ዘነቡ ከፍላቂት በሶ አሸክማ በሚኒባስ መጣች፤ ከበር ሳትዘልቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቆመች። «ምነው እቴ?» ብላት «የመንገዱ አቧራ ነው» አለችኝ። በበነጋው የነፍስ አባታችን መጥተው መጽሐፈ ቀንዲል ደገሙልኝ፣ ቅብዓ ቅዱስ ቀቡኝ። ቀንዲል ለታመመ ሁሉ ነው፤ እኔ ከቀዶ ሕክምናው ስለዳንኩ ምስጋና መስሎኝ በደስታ ተቀባሁ። ካህኑ ግን ዓይኔን አያዩም።

ታደለን «የሆስፒታሉስ ነገር? አልደወሉም?» ስለው «ኔትወርኩ» ይላል። ቄስ መዋሸት ሲያቅተው እንዴት እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ወንድሜን ያን ሰሞን ማየት ነበር። ጥምጥሙን አሥሬ ይፈታል፣ አሥሬ ይጠመጥማል።

አሁን የምናገረው ነገር ቀላል አይደለም። እማሆይ ከመነኮሱ ጀምሮ ሳጥናቸው ውስጥ መግነዝ አኑረዋል፤ ሲሞቱ የሚገነዙበት ነጭ ጨርቅ ነው፣ ኢየሩሳሌም የተሳለመ ዘመድ ያመጣላቸው። ክረምት ሲወጣ በዓመት አንዴ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል፣ ብል እንዳይበላው። ከእሱ በላይ የሚሳሱለት ንብረት የላቸውም። እንድንነካው እንኳ አይፈቅዱም።

አንድ ጠዋት ወደ ጓሮ ብወጣ መግነዙ ወይራው ላይ ተዘርግቷል። ወሩ የማውጫው ወር አይደለም። እማሆይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በመዳፋቸው እጥፋቱን ያቃናሉ።

«ምነው እማሆይ፣ ዘንድሮ ሁለቴ አወጡት? ሊሄዱብን ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

ሳይዞሩ፣ ሳያስቡ፣ «ለእኔስ ሌላ ይፈለጋል» አሉ።

ከዚያ እጃቸው ቆመ። ምን እንደተናገሩ የገባቸው ከእኔ በኋላ ነው። እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የደነገጥኩት መሞቴን በመስማቴ ነው ብል ውሸት ነው፤ እሱ ቆይቶ ነው የመጣው። የቀደመኝ ሌላ ነው። እኚህ ሴት በዚህ ዓለም የእኔ የሚሉት ያ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እሱን ለእኔ ሊያለብሱኝ ፀሐይ እያስመቱት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ፍቅር አስፈርቶኝ አያውቅም።

ታደለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«አንተ!» አልኩት። «ምን አሉህ?»

ጥምጥሙን ሊፈታ እጁን አነሣ፣ መልሶ ጣለው። «እታለም... ኬሞ አያስፈልጋትም አሉኝ። አያስፈልጋትም!» ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ይህን የሚያነብ የከተማ ሰው ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን አባታችንን እንዲህ ነው ያጣነው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አንድ ቀን «ከእንግዲህ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም፣ ቤታቸው ይረፉ» ተባለልንና ይዘናቸው መጣን፤ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እኛ ዘንድ መድኃኒት «አያስፈልግም» የሚባለው ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው ነው። ሐኪም ለዳነ ሰው እንኳ ክኒን ይሰጣል፤ ባዶ እጁን የሚመለስ ሊሞት የሄደ ነው። ታደለ በስልኩ ያቺን አንዲት ቃል ሰማ፣ የአባታችን ሬሳ ፊቱ መጣበት፣ አለቀ።

«ሌላስ ምን አሉህ?»

«እኔ እንጃ። ስለ ቀጠሮ ነገር ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።»

«ለሚሞት ሰው ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ፣ መምሬ?»

አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንግዶቼ እንደሚሆኑት። ባጃጅ ይዘን ኔትወርክ ወደሚይዝበት ወጣንና ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ነርስ ስሜን ስትሰማ «እትዬ የሺ፣ ምነው ጠፉ? ዶክተሯ ስትፈልግዎት ነበር። አይፍሩ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ይምጡና ትነጋገሩበታላችሁ» አለችኝ።

ሄድን። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ አስረዳችኝ፤ እኔም በገባኝ መጠን ላስረዳችሁ።

ዕጢዎቹ ትንንሽ ናቸው። ንፍፊቶቹ ንጹሕ ናቸው። ላቦራቶሪው ደግሞ ሴሎቹን በማጉያ አይቶ ቀስ ብለው የሚያድጉ መሆናቸውን፣ ምግባቸውም የሴት ሆርሞን መሆኑን አወቀ። ሆርሞን ማለት ሰውነት ራሱ እያመነጨ በደም የሚልከው፣ የወር አበባንም ወተትንም የሚያዝ ነገር ነው። ምግቡን የሚከለክል ክኒን አለ፤ በየቀኑ፣ ለዓመታት ይዋጣል። «እሱን መውሰድ አለብዎት፤ እሱ ላይ ድርድር የለም» አለችኝ።

እኔ ግን ከቃሏ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። የምስር ፍሬ የምታህል ነገር፣ ያቺ ዝምተኛዬ፣ ምን እንደምትበላ ሳይቀር ታውቆባታል! ከድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፊት ስንት ሺህ ሰው ሲደነቅ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ውስጤ ሳላውቀው አድሮ የከረመን ነገር፣ አንድ ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መልኬን እንኳ ያላየ ሰው ለይቶ አውቆታል። እንባዬ መጣ።

«ኬሞውስ?» አልኳት።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለችኝ። «እንደ እርስዎ ያሉ አብዛኞቹ ሴቶች በክኒኑ ብቻ ደህና ሆነው ይኖራሉ። ጥቂቶቹ ላይ በሽታው ይመለሳል። ኬሞ ቢሰጥ ከእነዚያ ጥቂቶች ጥቂቱን ያድን ይሆናል። የቀሩት ግን ያለ ጥቅም ይጎዳሉ፤ ፀጉር ይረግፋል፣ ትውከት አለ፣ የደም መጠን ይቀንሳል፣ ልብንም እጅ እግርንም ሊነካ ይችላል። ይበልጥ የሚለይ የዕጢ ምርመራ በውጭ አገር አለ፤ እዚህ አይሠራም። እኔ የማየው የሚነግረኝ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነው። እህቴ ቢሆኑ አልሰጥዎትም።»

«እኔ ከየትኞቹ ነኝ? ከአብዛኞቹ ወይስ ከጥቂቶቹ?»

«አላውቅም» አለችኝ። «ማንም አያውቅም። ልውሰድ ካሉ አልከለክልዎትም። አስበው ይንገሩኝ።»

ሐኪም «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ክሊኒኩ «የወተት ዕጢ ነው» ሲለኝ እርግጠኛ ነበር፣ ብርዱንም በእርግጠኝነት ነበር የከሰሰው።

ቤት ስንመለስ ልቅሶው ወደ ደስታ ተለወጠ፤ ደስታው ግን አንድ ቀን ነው የዋለው። በማግሥቱ ሁሉም ኬሞውን ውሰጅ ብለው ተነሡብኝ። አክስቴ ዘነቡ መድኃኒቱ የተከለከልኩት ድግስ ይመስል «ለሰው ሁሉ ሲሰጥ ለአንች ሲሆን ያልቃል?» ትላለች። እማሆይ «ይስጡሽ፤ ትንሽ ብታስታውኪስ» ይላሉ። ታደለ ግን እውነተኛውን ነገር ተናገረ፦ «እታለም፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ መድኃኒቱ እያለ ቀረባት እያልኩ እንዴት እቀድሳለሁ?» አለኝ። ልክ ነው። መድኃኒት ማሰጠት ለዘመድ የመውደድ ምልክት ነው፤ እኔ የሚጎዳኝን መድኃኒት ብጠጣ እነሱ ይተኛሉ። እኔም አንዳንዴ በቃ ልውሰደውና ሁላችንም እንረፍ እል ነበር። ደግሞ የምመርጠው ምን እንደሆነ ትዝ ይለኛል። ባላስፈለገኝ መርዝ ልቤ ቢደክም ወጣ ገባውን የላሊበላን ደረጃ ማን ይወጣልኛል? ባስፈለገኝ ጊዜ እምቢ ብዬ ቢመለስብኝስ? በሁለቱም በኩል ያለው የእኔው ሕይወት ነው።

ለዘሃራ ደወልኩ። ኬሞዋ አጋማሽ ላይ ደርሷል፤ ድምጿ ደክሟል። ሁሉን ነገርኳት።

«የሺዬ» አለችኝ፣ «እኔ ያስፈልግሻል ሲሉኝ ወላሂ እየፈራሁ ወሰድኩት፤ እየሠራልኝ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አንች አያስፈልግሽም ያለችሽ ያችው የእኔዋ ሐኪም አይደለችም? ለእኔ ስትናገር አምነሻት ለአንች ስትናገር ምነው ተጠራጠርሽ?»

መልሱ የመጣው ሥራዬ ላይ ነው።

እኛ ከተማ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ቤተ ጎልጎታ ሴት አትገባበትም። አስጎብኚ ብሆንም አልገባም። ገና ልጅ ሳለሁ፣ እዚያ ያገለግሉ የነበሩት አባቴ ከበሩ ውጭ አቁመውኝ በግድግዳው ላይ የተቀረጹትን ቅዱሳን አንድ በአንድ፣ በቁመታቸው፣ በእጃቸው ከያዙት ጋር ነግረውኛል። እኔም ለእንግዶች በሩ ላይ ቆሜ ያንኑ እናገራለሁ፤ ወንዶቹ ይገባሉ፣ ሴቶቹ ከእኔ ጋር ይቀራሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስቶች አስጎበኝ ነበር። ወንዶቹ ገቡ። አንዷ ሴት «አንቺስ አንድ ቀን እንኳ ገብተሽ አታውቂም?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ልክ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ወንዶቹ በወጡ ቁጥር «ልክ እንዳልሽው ነው» ይሉኛል ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። አባቴ ሲነግሩኝ አንድ ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያቆሙ ነበር። «ከዚህ ወዲያ ያለው ጥግ ጨለማ ነው፤ ያላየሁትን አልነግርሽም» ይሉኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጨምሮ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ለእንግዳ እናገረው ነበር። አባቴን ያመንኳቸው ጨለማው ከየት እንደሚጀምር ስለነገሩኝ ነው። ዶክተሯም ያየችውን ነገረችኝ፣ ያላየችው ጥግ ላይ ስትደርስ አቆመች። ማመን የሚገባኝ እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ኬሞውን አልወስድም አልኩ። የወሰንኩት እዚያው በር ላይ፣ እጄን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ ነው።

አለቀስኩ። ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ልቤ ተነክቶ መስሏቸው እነሱም እንባቸውን ጠረጉ፤ አልተሳሳቱም።

ታደለን ስነግረው «አባባ ጥጉን ለእኔም አልነገሩኝም ነበር። በኋላ ገብቼ ሳየው፣ እውነትም ጨለማ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኬሞ አንስቶብኝ አያውቅም። ዶክተሯ ውሳኔዬን ስትሰማ እጄን ይዛ «ክኒኑን አንድ ቀን እንዳይዘሉ» አለችኝ።

አልዘለልኩም። ክኒኑ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም፤ በብርዱ ወር እንኳ እሳት ሽቅብ ይወጣብኛል፣ ነጠላዬን ወርውሬ ደጅ እቆማለሁ፣ መገጣጠሚያዬ ያመኛል። የምርመራ ቀጠሮ ሲቀርብ ምግብ አይወርድልኝም። ፍርሃቱ አልሄደም፤ አብሮኝ ነው የሚኖረው። ዘሃራ ሕክምናዋን ጨርሳለች። ፀጉሯ ተመልሶ ሲበቅል ተጠቅልሎ በቀለ፤ «ከሒጃብ በታች ማን ያይልኛል» እያለች ትስቃለች።

አደራ የምላችሁ፣ የእኔን ውሳኔ የራሳችሁ አታድርጉት። ለዘሃራ ኬሞው ሕይወቷ ነው። ዕጢዋ እንደ እኔ ትንሽ ሆኖ ጠባዩ ክፉ ስለሆነ ኬሞ ያስፈለጋት ሴትም አውቃለሁ። የእናንተን የሚናገረው የእናንተው ምርመራ ነው፤ ብቻ ሲነገር እናንተ ስሙት፣ በወንድም ጆሮ አትስሙት። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው የዓመት ምርመራዬ ንጹሕ ሆኖ የተመለስኩ ዕለት እማሆይ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወሬውን ታደለ በስልክ አድርሶላቸዋል። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። መግነዙ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ወደ ሳጥናቸው አልተመለሰም ነበር፤ በእኔ ልብስ መደርደሪያ ጥግ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ከርሟል። አይቼዋለሁ፣ እንዳላየሁ ሆኜ ነው የኖርኩት። እማሆይ ከዚያ አወጡት፣ አራገፉት፣ አጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩና ቁልፉን አዙረው አንገታቸው ላይ አሠሩት። ከዚያ ዞረው፣ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ።

«ይኼ የእኔ ነው» አሉኝ። «ወረፋሽን ጠብቂ።»